ለባለቤቴ የሰጠሁት ቀይ ካርድ

ባሕር ዳር
ሰኞ፣ ኅዳር ፲፭ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለኩርፈኛው ባለቤቴ ለመልካሙ፣
መራዊ

ጤናህን የምጠይቅህ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም። የግፊት ኪኒንህን መሳቢያው ውስጥ ትተኸው ሄደሃል። ስምንት ቀን ሙሉ ሳትውጥ መክረምህን ሳስብ በንዴቴ ላይ ሌላ ንዴት ይጨመርብኛል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሽጌ በሚኒባስ ልኬልሃለሁ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው፤ ተኳርፈን እንኳ ቢሆን ይዋጣል። እትዬ ወለተ ኪዳን ወጡ ላይ ጨው እንዲቀንሱልህ ነግሬያቸዋለሁ፤ እኅትህ ላንተ ስለሚሳሱ ቃላቸውን መጠበቃቸውን እንጃ።

ስልክ አታነሣም። ስደውል እሳቸው ያነሡና "ተኝቷል" ይሉኛል፤ በጠራራ ፀሐይ። በስድሳ ዓመታቸው ላንተ ሲሉ ይዋሹ እንዴ? ስለዚህ ጻፍሁ። ደብዳቤ ደግሞ ደግ ነገር ነው፤ መሃል ላይ ገብተህ አታቋርጠኝም።

ቤቱ ደኅና ነው። ርሆቦት በሒሳብ ፈተና ከመቶ ዘጠና አንድ አመጣች፤ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ "አባቴ ነው ያስጠናኝ" ብላለች። የጓሮው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። አስጠግኝው ብትለኝ ይኸኔ አስጠግኜው ነበር፤ አንተ ግን ማንም እንዳይነካው ብለህ ስለነበር ባልዲ አስቀምጬለታለሁ። ለኳስ ቡድንህ ሰዎች "ቆጋ የቦይ ሥራ ተደረበብኝ" ብለህ መሄድህን ሰማሁ። ሥራ እንዳለህ አልክድም። ነገር ግን ለዚያ ሁሉ ስንዴ ውኃ የምትለቀው አንተ ብቻህን አይደለህም። የሄድኸው ሚስትህ ቀይ ካርድ ስላወጣችብህ ነው። በአፍህ ለማለት ካፈርህ እኔ ጽፌልሃለሁ።

የሆነውን እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ግን አንተ ለእኅትህ የነገርኸውና የሆነው ስለማይገናኝ፣ በኔ በኩል ያለውንም ስማ።

ቅዳሜ ኅዳር ስድስት፣ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ፣ የናንተ ጤና ቡድን ከመሸንቲዎቹ ጋር ይጫወታል፤ ዳኛዋ እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ጎልማሳ፣ ግማሹ ቦርጫም፣ ግማሹ ጉልበቱን በጨርቅ ያሰረ። ኳሷ ሁለቴ ደንገሉ ውስጥ ገብታ፣ በደንቡ መሠረት የመታት ሰው ጫማውን አውልቆ አውጥቷታል። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኳስ እጅህን ነካ ብዬ ፊሽካ ነፋሁ። ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ። እየሮጥህ መጣህና "ትከሻዬ ነው" አልኸኝ። እጄን ወደ ቅጣት ምቱ ነጥብ ዘረጋሁ። "ትከሻዬ ነው እያልሁሽ!" አልህ። "ተጫዋች፣ ወደ ቦታህ ተመለስ" አልሁህ። ሜዳ ላይ በስምህ እንደማልጠራህ ከመጀመሪያው ተስማምተናል። ያን ጊዜ ጣትህን ቀሰርህና መሸንቲዎችም፣ ሣሩ ላይ የተቀመጡት ሚስቶችም፣ ልጅህም እየሰሙ፣ "ግድ የለም፤ ቤት እንገናኛለን" አልኸኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የመሸንቲው በረኛ ምሰሶውን ተደግፎ ሳቀ። እኔ ቀዩን አወጣሁ።

ማልያህን አውልቀህ እግሬ ሥር ጣልህና ወጣህ። ቤት ውስጥም አላናገርኸኝም። በማግሥቱ ቦርሳህን አንጠልጥለህ፣ በሩ ላይ ቆመህ፣ "ለሊጉ ኮሚቴ የምታስገቢውን ሪፖርት ካልተውሽው አልመለስም" አልህ። እኔም "ሞቼ ነው ቆሜ" አልሁህ። ማልያውን አጥቤዋለሁ፤ ለዕርቅ ነው ብለህ እንዳታስብ፣ ስለሸተተ ነው።

እስቲ ልጠይቅህ፤ የሊጉን ደንብ አንቀጽ አሥራ አራት የጻፈው ማን ነው? ሁለት ዓመት አይሞላም። ዘንዘልማ ላይ አንድ ተጫዋች ዳኛውን እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ድረስ ያሳደደው ጊዜ፣ "ይኸ ነገር በደንብ ካልታሰረ ሊጉ ይፈርሳል" ብለህ ሦስት ቀን ኮምፒውተር ላይ የተተከልኸው አንተ ነህ። "በቃልም ሆነ በምልክት ዳኛን ያስፈራራ ተጫዋች ሦስት ጨዋታ ይታገዳል፤ ማንነቱ አይታይም።" ያችን የመጨረሻዋን ሐረግ ስትጨምር ጮኽ ብለህ አነበብህልኝና "እንዴት ናት?" አልኸኝ። ቆንጆ ናት አልሁህ። ዳኛ የሆንሁትስ በማን ጉትጎታ ነው? "አንቺ የስፖርት መምህር ነሽ፤ ከኛ መሃል ደንብ አንብቦ የጨረሰ የለም" ያልኸው አንተ አይደለህም? አሁን ምን በወጣኝ ነው ጥፋተኛዋ እኔ የምሆነው?

ሐሙስ ዕለት አምበላችሁ አዘዘ፣ ጎረቤታችንን መሪጌታ ጥዑመ ልሳንን ይዞ ለሽምግልና መጣ። ወንበር ሳብሁላቸው። "እሺ ካላልሽን አንቀመጥም" አሉ። ወጉን አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ሲቀር የቤቱ ሰው ይጨንቀውና እሺ ይላል። እኔም ከጎናቸው ተነሥቼ ቆምሁ። ሰባ ደቂቃ መቆም ቀርቶ መሮጥም ልማዴ ነው።

"ልጄ፣ የባልና የሚስት ነገር በጓዳ ነው የሚያልቀው" አሉ መሪጌታ።

"እኔም ይኸንኑ ነው የምለው፣ መሪጌታ። ከጓዳ አውጥቶ መሃል ሜዳ ያመጣው ማን ሆነና ነው እኔን የሚለምኑኝ?"

አዘዘ ደግሞ "ቀልድ እኮ ነው፣ አገርነሽ። አንቺም ታውቂዋለሽ" አለኝ።

"ከጎንደር ዳኛ ቢመጣለት፣ 'ቤት እንገናኛለን' ይለዋል?" አልሁት። ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆምን የመሪጌታ ጉልበት ከዳቸው። "እንግዲህ እግዜር ይቅር ይበለኝ" ብለው ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። አዘዘ ዐይኑ ፈጠጠ፤ ሽምግልናው የተሸነፈ መሰለው። እሳቸው ግን "እስቲ ደንብ የምትሉትን አንብቢልኝ" አሉኝ። አነበብሁላቸው። "ማን ነው የጻፈው?" አሉ። "መልካሙ ነው" አልሁ። ጺማቸውን አሹና "በሠፈሩት ቁና መሠፈር አይቀርም" አሉ። ከዚያ አዘዘን "አንተም ተቀመጥ፤ ምን ይገትርሃል" አሉት።

ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዞር ብለው "ልጄ፣ ቃሉ እውነት ቀልድ ቢሆንስ?" አሉኝ። ለእሳቸው አልመለስሁም። ላንተ ልመልስልህ።

ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራችን እጅህን አንድ ቀን አላነሣህብኝም። ማንም ቢያማህ ተነሥቼ የምመሰክርልህ እኔ ነኝ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ ያልሳቁም ነበሩ። አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ አብሮህ ይጫወታል፣ የማን ሚስት እንደሆነች አልነግርህም። አንተ ያን ቃል ስትናገር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ማክሰኞ ገበያ አገኘችኝና "እውነት ጽፈሽ ልታስገቢው ነው?" አለችኝ። አዎ አልኋት። "ቃሉን እንዳለ?" አለች። እንዳለ አልኋት። "እንዳለ ጻፊው" አለችኝና ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። ያ ቃል ለሷ ቀልድ አይደለም። እኔ ያን ቀን ስቄ ባልፍልህ ኖሮ፣ ባሏም "የዳኛዋ ባል እንኳ ይለዋል" እያለ ይኖር ነበር።

ሌላም አለ። ይኸን የምነግርህ አንተ ስላልሰማኸው ነው። ከሜዳው በባጃጅ ስንመለስ ርሆቦት "እማዬ፣ ቤት ስንደርስ አባዬ ምን ያደርግሻል?" አለችኝ። ምንም አያደርገኝም አልኋት። "ታዲያ ለምን እንደዚያ አለ?" አለች። አንተን የምታውቅ ልጅህ ናት እኮ፣ መልካሙ፤ ሒሳብ ስታስጠናት እንኳ ድምፅህን ከፍ አድርገህባት አታውቅም። ካርዱን ሳወጣ አላመነታሁም። ያን ጥያቄ ስሰማ ግን ፊሽካው አንገቴ ላይ እንዳለ አለቀስሁ፤ የባጃጁም ልጅ በመስታወት አየኝ። ያዘንሁብህ ያኔ ነው። መልሱን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተው ንገራት።

አሁን ደግሞ ደስ የሚልህን ልንገርህ፤ ደስ ይበልህ፣ ግን ልክህን አትለፍ። የመሸንቲዎቹ አምበል ሣህሉ ጨዋታውን በስልክ አስቀርጾ ኖሯል። የራሱን ቡድን የሚጎዳ መሆኑን እያወቀ ላከልኝ። አራት ጊዜ አየሁት። ትከሻህን ነው የመታህ። ተሳስቻለሁ። በዚያ ቅጣት ምት ጎል ነጥብ ያሳጣኋችሁ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ከልቤ ነው የምልህ። ቅዳሜም ሁለቱም ቡድኖች በተሰለፉበት ቆሜ እናገረዋለሁ። ውጤቱ እንደሁ አይለወጥም፤ "የዳኛ ውሳኔ ተመልሶ አይታይም" የሚለውንም የጻፍኸው አንተ ነህ።

ነገር ግን የኔ ስሕተት ያንተን ቃል አያጥበውም። ዳኛ ሲሳሳት አቤት ይባላል፤ አንድ ጊዜ አልህ፣ ሁለተኛም አልህ፣ እስከዚያ ድረስ መብትህ ነበር። አይዛትበትም። ልክ ሆነህ ሳለህ ነው የታገድኸው፤ ይኸ እንደሚያቃጥል ይገባኛል። እኔም በገዛ ባሌ ላይ ተሳስቼ፣ ተሳስቼም ልክ መሆኔ ያቃጥለኛል። ይቃጠል እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ነው። በፊተኛው ላይ የኔን ስሕተት ጻፍሁ፣ በኋለኛው ያንተን ቃል ጻፍሁ፤ አንድም አልጨመርሁ፣ አንድም አልቀነስሁ። ማስገቢያው አሥር ቀን ነው፤ ዛሬ አሥረኛው ነበር። ጠዋት ጾሙ በገባበት ቀን ቁርስ ሳልቀምስ ሄጄ ለኮሚቴው አስገባሁት፤ ተቀብለው ማኅተም መቱበት። እንግዲህ የምትጠብቀው ነገር የለም። ሪፖርቱን ካልተውሽው አልመለስም ብለህ ነበር፤ እኔም አልተውሁትም። ሽማግሌም አልልክብህም፤ መሪጌታ እንደሆኑ ጉልበታቸውን አይተነዋል።

ማኅተሙ ሲመታ ቁጭ ብዬ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ደግሜ አነበብሁት። የታገድኸው ሦስት ቅዳሜ፣ ከሜዳ ነው። ከቤትህ ያገደህ አንቀጽ የለም። እነዚህን ስምንት ቀናት የጨመርኸው አንተው ራስህ ነህ።

የጣና ገዳማት አባቶች ጸሎት አይለይህ። ጾሙን የበረከት ያድርግልህ። ልብህን ያለዝብልህ፤ የኔንም ጥቂት።

ሚስትህ
አገርነሽ