ለአንድ ሳምንት የምትበቃ ሻንጣ

ኻርቱም፣ ሳጃና፣ ሰኔ 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ንጋቱ፤

በረሃውን አቋርጦ ሰላምታዬ ካይሮ ይድረስልኝ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ሙቀቱ ብቻ በርትቷል።

ልጄ ረሻ ለዒድ አንተ ዘንድ እንደምትመጣ በስልክ ነግሬሃለሁ። ቲኬቱ ርካሽ ስለሆነ፣ በእጅ ከሚያዝ ትንሽ ሻንጣ በቀር አያስይዝም። ሻንጣውን ለመግዛት ኦምዱርማን ገበያ አብረን ወረድን። ባለ ሱቁ በሜትር እየለካ፣ «ጎማውም አብሮ ይለካል» አለን።

«ትልቁን ያዢ፤ የትርፉን እኔ እከፍላለሁ» አልኳት።

«ይማ፣ እናቴ፣ ለአንድ ሳምንት ይቺ ትበቃኛለች» አለችና ትንሿን መረጠች።

ዛሬ ዕቃዋን ስትከት አየኋት። በዚህ ሙቀት ወፍራም ሹራብ ከታች አደረገች። ከግድግዳው ላይ የሟቹን አባቷን ፎቶ አውርዳ በነጠላዬ ጠቀለለችው። ዚፑ እምቢ ሲላት ሻንጣው ላይ ተቀምጬ አዘጋሁላት።

በስልክ ስናወራ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ፣ ይህን ደብዳቤ ቀድማት ወደ ካይሮ በምትመጣው ጎረቤቴ በዛሂራ እጅ ልኬልሃለሁ። ኤርፖርት ሄደህ አንተው ተቀበላት። እስክንድርያ ባሕሩን እናሳይሽ የሚሏት ጓደኞች አሏት፤ ከዚያ ወደ አውሮፓ ጀልባ እንደሚነሳ አንተም ታውቃለህ። ከሄደች አብረሃት ሂድ። አባይ ዳር ብታድግም ዋና አታውቅም።

እሷ ስትሄድ ቤቱ ለእኔ በጣም ይሰፋብኛል። ወደ እኔ ስትመለስም አንተ ከኤርፖርቱ በር ሸኝተሃት አትሂድ፤ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ቆመህ ጠብቅልኝ።

ለሚስትህና ለልጆችህ ናፍቆቴን አድርስልኝ። በደኅና ያገናኘን፣ ኢንሻአላህ።

እህትህ ለተብርሃን