ምንጣፉ የሚበላ ግንብ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዛሬም ዝናብ። ማውንት ቤከር ሰፈር፣ የማስታምማቸው እማማ ቤት በሰዓቴ ገባሁ። ጃፓኗ እማማ፣ ስጠራቸው «አቤት» ማለት ለምደዋል!

አልጋቸው ፊት ለፊት የተሰቀለውን የኩማሞቶ ግንብ ሥዕል ደግሞ አሳዩኝ። የአገራቸው ነው። ግንቡን የሠራው መስፍን ቀድሞ ኮሪያ ዘምቶ፣ ተከቦ በረሃብ ሊያልቅ ነበር አሉ። ሶ ይሄን ሲሠራ የወለሉን ምንጣፍ ሳይቀር በደረቀ የጎደሬ አገዳ አስጠቀጠቀው። ጠላት ከከበበ ምንጣፉ ይበላል! ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ምሳ ሰጥቼ እንደ ልማዴ ኪችን ወጣሁላቸው። ስመለስ ሳህኑ ባዶ። ተመስገን።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

እማማን መዘንናቸው፤ ሰማንያ ሁለት ፓውንድ። በአንድ ወር ዘጠኝ ቀነሱ! ልጃቸው ቀስ ብሎ፣ «ፋንታዬ፣ በላች ትያለሽ። ታዲያ የት ገባ?» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር... ሐኪሙ ደግሞ፣ በሳምንቱ ከሰማንያ ከወረዱ ሆስፒታል ገብተው በቱቦ ነው የሚመገቡት ብሏል። በቱቦ! እጃቸውን አስረው?

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ቸርች ተቀምጬ አንድ ቃል አልሰማሁም። እማማ ሲውጡ አይቻለሁ? አንድ ቀን እንኳ? አላየሁም። ሰው ሲበላ ማፍጠጥ ነውር ነው ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ...

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ብቻችንን መዘንኳቸው። ሰባ ዘጠኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ጌታ ሆይ፣ ምን ልሁን?

ልጄን ሶልያናን የግንቡን ታሪክ ከስልክሽ አንብቢልኝ አልኳት። «ዋይ፣ ማሚ? ምን ሊያደርግልሽ?» አለች፤ አነበበችልኝ። የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ ሊከበብ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተቃጠለ። እህሉም አብሮ። ውስጥ ያሉት ግን ሃምሳ ምናምን ቀን እየቆጠቡ በልተው እጅ አልሰጡም።

እየቆጠቡ... ምንጣፉ!

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ፍራሻቸውን ገለበጥኩ። በሶፍት የተጠቀለለ ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣ፣ የብስኩት ስባሪ... ትራሱ ውስጥም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ።

«አትንኪው! አሁንም እንደተከበብን ነን» አሉ ከወንበራቸው።

«ማን ሊበላው ነው፣ እማማ?»

«አንቺ ነሻ። በሩን የምትጠብቂው አንቺ። ለእኔ ለአሮጊቷ ምን ያደርግልኛል?»

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ለልጃቸው ሁሉንም ነገርኩት። ሰባ ዘጠኟንም። ሐኪሙን ሆስፒታሉ እስከ ሰኞ ይቆይ ብሎ ለመነልኝ። እስከ ሰኞ ብቻ።

ምሳ ይዤ ፊታቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ወገን ደረሰ። በሩ ተከፍቷል።» አላመኑኝም። ሶ መጀመሪያ እኔ ጎረስኩ። አዩኝ... አዩኝ... አፋቸውን ከፈቱ።

አራት ማንኪያ። እናቴ ይቅር ትበለኝ፣ ዐይኔን ከጉሮሯቸው አልነቀልኩም።