ሰባተኛው ዓሣ

ከሚሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለሲራጅ፣ ጅማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? አየሩስ ተስማማህ? እኔም እናትህም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልህ ቃሲምን እንዳትቆጣው ብዬ ነው። ስድስት ዓሣ ብቻ ስላደረሰልህ አንዱን መንገድ ላይ ገደለው ብለህ ይሆናል። የእህትህ ልጅ ምንም አላጠፋም። ሰባተኛው እዚህ ከእኔ ጋር ነው። ደህና ነው፣ ይበላል።

እንደጻፍክልኝ አድርጌያለሁ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን አስጾምኳቸው። ጄሪካኑን እስከ ግማሽ ሞልቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ እንዳይበርዳቸው በጋቢህ ጠቀለልኩት። የመስታወት ሳጥኑን የቃሲም መኪና ላይ በገለባ መሐል አስቀመጥነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲያልፍ አየና ምን ያመርታል ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አያመርትም፣ ዓሣ ይኖርበታል አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

አንተ ሎች የምትላቸው እነዚህ ጢማሞች አመላቸውን ታውቀዋለህ፤ ሰው ሲነካካቸው አሸዋ ውስጥ ይቀበራሉ። ቃሲም ድንጋዩን ሁሉ እያነሳ ቢፈልግ ከስድስት በላይ አላገኘም። እኔ አሸዋውን ከነውሃው ሳፋ ውስጥ ገለበጥኩት። «ወላሂ በይ፣ ሌላ የለም?» አለኝ። ፍየሏ ገመዷን ፈታች ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ መኪናውን አስነስቶ ነበር። አመሻሹ ላይ የሰባተኛው ጢም ከአሸዋው ብቅ ሲል እናትህ ዓሣውን በኦሮምኛዋ እየጠራች፣ ይሄን ቁርጡሚ ደግሞ ምን ብለሽ አስቀረሽው ብላ ሳቀችብኝ።

ሲራጅ፣ ተናድጃለሁ። ስትሄድ በሩ ላይ ቆመህ፣ ቤት ሳገኝ መጀመሪያ የምወስደው አንቺን ነው ብለኸኝ ነበር። ቤት አገኘሁ ብለህ ስትጽፍ ደስ ብሎኝ ደብዳቤውን ለጎረቤታችን ለቶይባ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው የዓሣ ወሬ ነው። ውሃው፣ አሸዋው፣ መንገዱ። እኔ ከሰላምታው በኋላ የለሁበትም። ቶይባ በእኔ ፈንታ አፍራ ቀና ማለት አቃታት። ዓመቱን ሙሉ ሻካራ አሸዋ ጢማቸውን እንዳይቆርጠው ከቦርከና ወንዝ አሸዋ እያመጣሁ በወንፊት የነፋሁላቸው እኔ ነኝ። አሁን ግን ቀናሁባቸው። በዓሣ የሚቀና ሰው አይተህ ታውቃለህ?

ሰባተኛውን በሰው እጅ አልልክም፤ እኔው ይዤው እመጣለሁ። እናትህን አታስብ፣ ጨፋ ሮቢት እህትህ ጋ ልትከርም ተስማምታለች። ችግሩ ዓሦችህ ኬላውን ያለ ይለፍ ወረቀት አለፉ፣ እኔን ግን አያሳልፉኝም። ቀበሌ ሄጄ ጠይቄ ነበር። ሊቀመንበሩ ምን አለኝ መሰለህ፦

«ባልሽ የሚፈልግሽ ከሆነ በደብዳቤ ያሳውቀን።»

እንግዲህ ጻፍላቸው። የማትፈልገኝ ከሆነ ደግሞ ለእኔው ጻፍልኝና አሸዋ መንፋቱን ልተው።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ባለቤትህ ኡምኩልሱም

ጋቢውን አጥበህ ልበሰው። የላክሁት ለዓሦቹ ብቻ ብዬ አይደለም።