በሁለት ቁልፍ የሚነሳ መኪና

ለልጄ ለቱሶ፣

ከማዕድኑ ጉድጓድ በየቀኑ በሰላም የሚያወጣህ አምላክ ይመስገን። እኛም ከብቶቹም ደህና ነን። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። በስድሳ ዓመቱ ፊደል የያዘ እጅ ቢንሻፈፍ እኔን ሳይሆን በጊዜው ያላስተማረኝን አባትህን ውቀስ።

ፒካፑ ሲሞቅ መንገድ ላይ ቀጥ እንደሚል ታውቃለህ። መካኒኩ ሞጢ ፓምፑንም ባትሪውንም ቀየረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የሚስትህን የጎራታን ፀጉር ማድረቂያ ተበድሮ የሞተሩን ኮምፒውተር አሞቀው። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። «ሌባው ተያዘ!» ብሎ ጨፈረ።

ምትኩን ላም ገጭቶ ከተጨራመተው የጎረቤታችን የካቤሎ እናት መኪና ፈትተን ገጠምነው። አልነሳም አለ። ለካ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የድሮ ቁልፉን ብቻ ነው! ሃያ ዓመት ያኮረፍኳት የዚያችው ሴት ደጅ ድጋሚ ሄድኩ።

«ኮምፒውተሩን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ቁልፉን። በይ ባሌንም ውሰጂና ገላግዪኝ!» አለችኝ።

«እሱስ ይቅርብኝ፤ ሲያንኮራፋ ቤቴ ድረስ ይሰማኛል» አልኳት።

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ቁልፏ አሁን ኮምፒውተሩ እንዲያውቀው መሪው ሥር በፕላስተር ተለጥፏል፤ በእኛ ቁልፍ ስናስነሳ መኪናው እንደ ሠርገኛ ይዘፍናል።

ጎራታ ወሯ ገብቷል፤ በደንብ ትበላለች። ከመኪናው ኋላ ፍራሽ አንጥፌያለሁ፣ ለምቾት ነው። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ በቀትር ፀሐይ እስከ ሆስፒታሉ በር ነድቼ ተመለስኩ። አንድም ቀን አልቆመም። ጎራታ «እማዬ፣ ማን ታሞ ነው?» ስትለኝ «ጨው ልገዛ ነው» አልኳት። እንግዲህ ልጃችሁ እስኪዳር የሚበቃ ጨው አለን።

ዝናብና ጤና አይለይህ።

እናትህ ከለቦኜ