የተዘለለው በር

ለውድ አባቴ፤ ሰላምታዬ በአላህ ቤት ደጃፍ ላይ ይድረስዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ለሐጅ ሲነሱ በየቤቱ እየዞሩ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ሲሉ፣ ከእርስዎ ጋር የተጣላውን የጎረቤታችንን የበያጁን በር ዘለሉት። እሱም ትናንት በመዶሻ በራችንን ሰብሮ ገባ። በሩን መደብደብ ሲጀምር እንግዳ መስሎኝ «ይግቡ» ብዬ ነበር! «እኔን በድሎ፣ እኔን ዘሎ፣ ምን ሐጅ አለው?» እያለ የወንድሜን የፊት ጥርሶች አረገፋቸው።

በሩን አናጢ ጠግኖታል፤ አያስቡ። ወንድሜ ግን እህል አይቀምስም፤ ቁጭ ብሎ ቢላ ይስላል። «ምነው?» ስለው «ለዒዱ በግ ነው» ይለኛል።

እዚያ መካ ጉንዳን እንኳ አይገደልም አሉ። እባክዎ፣ ዛሬውኑ ለበያጁ ይደውሉና «አውፍ በለኝ» ይበሉት።

ጉልበትዎን የምትስም፣ ልጅዎ።

ረስቼው፦ በግ አልገዛንም።