ቅዳሜ ሊከፈት ስለተወሰነው የባሕር ውስጥ ተራራችን

ለክቡር ራቱ ኢሲኬሊ ቦላዋቃ
የጥልቅ ባሕር ዓሣ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ክቡርነትዎ ሆይ፦

ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነወንበርዎ፣ ከነማራገቢያዎ በፍጹም ጤና እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የናሶኪ መንደር ዓሣ አጥማጅ ሜሬዋላሲ ነኝ፤ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደስታዬ ግን ልክ አልፎ ጎረቤት «አበደች» እያለኝ ነው፤ ለዚህም ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደረሱት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ትልቁ አለቃችን ሲያርፉ በልማዳችን መሠረት ኡሉኒዋሳ በተባለው የባሕር ውስጥ ተራራ ላይ ለመቶ ሌሊት መንጠቆ እንዳይወርድ ታገደ። መቶው ሌሊት ሲሞላ የመክፈቻውን ወረቀት መፈረም የእርስዎ ፋንታ ነበር፤ እርስዎ ግን ፋይሉን የሆነ ቦታ ወሽቀው ረሱት። እኛም የታገደ ነገር በሥርዓት ካልተከፈተ አንነካምና የቆርቆሮ ዓሣ እየበላን ጠበቅን።

አንደኛ፦ ስለ መርሳትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች ስንት ዐውደ ጥናት አካሂደው አንዲት ዓሣ ማትረፍ አልቻሉም፤ እርስዎ ግን እጅዎን አጣጥፈው በመቀመጥ ብቻ፣ «ጨርሰን በላነው» ብለን ያለቀስንለትን ዐይነ ትልቁን ቀይ ዓሣ መለሱልን። ባለፈው ማክሰኞ ከታገደው ቦታ ድንበር ወዲህ ገመዴን አራት መቶ ክንድ ያህል ባወርደው የልጅ ልጄን የሚያህል ዓሣ ይዞልኝ ወጣ! ጀልባዋ ላይ ቆሜ እልል ስል ልንገለበጥ ምንም አልቀረንም፤ ባሌ አፔኒሳም «ኧረ አንቺ ሴትዮ ተቀመጪ፣ ዓሣው እንኳ አፈረልሽ!» አለኝ።

ሁለተኛ፦ ምነው አስታወሱ? ዓሣው ስለተመለሰ ተራራው ቅዳሜ እንደሚከፈት፣ ሃያ ጀልባ እንደተጋበዘ፣ የተመለሰውም ዓሣ በድግስ እንደሚበላ በሬዲዮ ሰማን። ጥበብዎ ያስደንቃል፤ በሽተኛው ስለዳነ እንቅበረው እንደማለት ነው። ወሩም ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት መሆኑን በእርግጥ አስበውበታል። ያ ዓሣ ዘገምተኛ ነው፣ ለመውለድ ዓመታት ይፈልጋል፤ ድግሱ ግን እስከ ማታ ያልቃል፣ ከእሁድ ጀምሮም እኛ ወደ ቆርቆሯችን እንመለሳለን።

ሦስተኛውን ቅሬታ ረስቼዋለሁ፤ መርሳት ከቢሮዎ የሚጋባ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን ጥሪ ነው። የአሁኑ አለቃችን ራቱ ናኢቡካ፣ የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት፣ ሬዲዮውን እንደሰሙ ሰሌናቸው ላይ ተጋድመው «በሉ እንግዲህ፣ ከዓርብ ጀምሮ ሞቻለሁ። አልቅሱልኝ!» አሉን። ሴቶቹ የቀብሩን ሰሌን እየሠሩ፣ ለቅሶውን እየተለማመዱ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሟቹ ደግሞ «ምን ዓይነት የቀዘቀዘ ለቅሶ ነው? ለመሆኑ ጎደሬው በስሏል?» እያሉ ይቆጣሉ። አለቃ ሲሞት ባሕር ይዘጋል፤ ይህን የሚሽር ፊርማ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ቅዳሜ የሚመጡት ለድግስ ሳይሆን ለለቅሶ መሆኑን በትሕትና እያሳወቅሁ፣ መንጠቆውን ቤት ትተው ሰሌን ይዘው እንዲመጡ እለምናለሁ።

በመርሳትዎ የከበርኩ፣ በማስታወስዎ የደነገጥኩ፣ የዘወትር አክባሪዎ
ሜሬዋላሲ፣ ከነመንደሬ

ማስታወሻ፦ መቶ ሌሊት ለዓሣው እንደማይበቃው አልጠፋንም። ስለዚህ ከራቱ ናኢቡካ ቀጥለው በየተራ አለቃ ሆነው ለመሞት ስምንት ሽማግሌዎች ተመዝግበዋል። እነሱ ካለቁብን እርስዎም «ራቱ» የሚባሉ የአለቃ ዘር ነዎትና፣ ስምዎን ከዝርዝሩ ግርጌ ለጊዜው በእርሳስ ጽፈነዋል።