የጠበበው እጅጌ

ለምወድሽ ልጄ፣ የሰው ፍቅር ይስጥሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ከጥበቃ ሥራው ሲመለስ ወንበር ላይ ማንኮራፋቱን አልተወም።

ዛሬ ግን ደስታዬን የት ላድርሰው! አንቺ በላቦራቶሪ ደም እየመረመርሽ የምትማሪውን ነገር የሚያጠኑ ሐኪሞች የእኔን ደም ወሰዱ። «መድኃኒቴን ይሄን ሁሉ ዓመት ሳላቋርጥ ወስጄ፣ ኤች አይ ቪው በምርመራ አይታይም ተብዬ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ፈለጋችሁ?» አልኳቸው። ሐኪሟ ሳቅ ብላ፣ «እማማ፣ ሴል ውስጥ የተደበቀ ቫይረስ አለ። ባይራባም አልፎ አልፎ ፕሮቲኑን ያወጣል። የሰውነትዎ መከላከያ ያንን ባየ ቁጥር ይነሣል፤ ዕረፍት ማጣቱ ምን እንደሚያመጣ ማወቅ እንፈልጋለን» አለችኝ።

ለአባትሽ ስነግረው፣ «አይ እንደኔው ዘበኛ የሆኑት! ሌባው ተቆልፎበትም እንቅልፍ የላቸው» ብሎ ለሰውነቴ ጠባቂዎች አዘነላቸው። ይሄን ብሎ ተኛ!

የእኔን ጉድ ስሚ ደግሞ። ለዚያ ቀን ብዬ በገዛ እጄ አዲስ ቀሚስ ሰፍቼ፣ እጅጌውን አጥብቤው ኖሯል። ነርሷ ወደ ላይ ብትስበው ብትስበው እምቢ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ እዚያው ወንበር ላይ ስፌቴን በመቀስ ተረተርኩት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ደሙ በቁጥር እንጂ በስም አይሄድም አሉኝ። አንቺም ጠረጴዛሽ ላይ የማን ደም እንደሚቀርብ አታውቂማ። እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እያንዳንዱን ብልቃጥ ስታነሺ፣ እናቴ እጅጌዋን ተርትራ የሰጠችው ነው ብለሽ ያዢልኝ።

እጅሽን አያድክምብኝ፣ ዓይንሽን በዓይኔ ያሳየኝ።

እናትሽ